የሊዮኑ ወታደር

መምህር ሔሩይ ፈረንሳይን በእግሩ ረግጧት አያውቅም። የሚያውቃት በመጻሕፍት ነው። በወጣትነቱ ታሪክ ሊያስተምር ድሬዳዋ ተመድቦ ሳለ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩት፤ ፈረንሳይኛ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ሲሞቱ ልጆቻቸው መጻሕፍቱን የሚያነብ ሰው አጡና ለእሱ ሰጡት። ሁለት ሣጥን ሙሉ የፈረንሳይ ሕዝብ ታሪክ ነበር። የነገሥታቱ ብቻ አይደለም፤ የገበሬው፣ የዳቦ ጋጋሪው፣ የልብስ አጣቢዋ፣ በወረርሽኝ ያለቀው መንደር፣ በሃይማኖት የተነሣ ጎረቤት ጎረቤቱን ያረደበት ዘመን፣ ሴቶች ዳቦ አጣን ብለው በዝናብ ወደ ንጉሡ ቤት የተመሙበት ቀን፣ ሁሉም ነበረበት።

ተማሪዎቹ “መምህር፣ ፈረንሳይ ምናችን ናት?” ሲሉት “የራስን ቁስል አተኩሮ ማየት ይከብዳል፤ የሌላውን እያየሁ የኛን ለመረዳት ነው” ይላቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ እርስ በርሱ የተፋጀ ሕዝብ በማግስቱ እንዴት ብሎ አብሮ ገበያ እንደሚወጣ። መጻሕፍቱ ይህን አይነግሩትም። እልቂቱ በአንድ ምዕራፍ ያልቃል፣ ቀጣዩ ምዕራፍ ስለ ግብርና ስለ መንገድ ሥራ ይጀምራል።

ሚስቱን ሸዋወርቅንም ያገኛት ድሬዳዋ ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ እዚያው ትምህርት ቤት አማርኛ ታስተምር ነበር። ተጋብተው ወደ እሱ አገር ወደ መቐለ መጡና ሓወልቲ አካባቢ ቤት ሠሩ። ትግርኛዋ እስከ ዛሬ ጎረቤት ያስቃል፤ በቤታቸው የሚነገረው አማርኛ ነው። ለብዙ ዓመት ልጅ አላገኙም። ተስፋ ከቆረጡ በኋላ ኣለምሰገድ ተወለደ፤ ከእሱ ወዲያ ሌላ አልመጣም።

ኣለምሰገድ እንደ አባቱ ታሪክ ሊያጠና ዩኒቨርሲቲ በገባ በሁለተኛው ዓመት ጦርነቱ መጣ። በ2013 ክረምት መግቢያ ላይ፣ አንድ ጠዋት ጫማውን አጥብቆ አሰረና “ጓደኞቼ ሄደዋል” አለ። እናቱ በሩ ላይ ክንዱን ያዘችው። አልጮኸችም፣ አለቀሰች እንኳ አይባልም። ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀና ሄደ። ሔሩይ ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር። ልጁ ሲያልፍ “ሹራብ ይዘሃል?” አለው። “ሙቀት ነው እኮ አባ” አለ ልጁ። ሹራቡ ቤት ቀረ።

ከዚያ በኋላ ስልክ ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ፣ መብራት ሄደ። ገበያው ባዶ ሆነ፣ ሰው ሁሉ ከሳ። ከልጁ ምንም ወሬ አልነበረም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሸዋወርቅ ከባሏ አጠገብ በረንዳው ላይ ተቀመጠችና፣

“አንብብልኝ” አለችው።

“ምን ላንብብልሽ?”

“እነዚያን የፈረንሳይ መጻሕፍትህን። የኛ አገር ያልሆነ ነገር መስማት እፈልጋለሁ።”

በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ገጻቸውን ገልጣ አታውቅም ነበር። እሱ ፈረንሳይኛውን በዓይኑ እየተከተለ በአማርኛ ይነግራት ጀመር። መጀመሪያ ድምፁን ብቻ ነበር የምትሰማው። እያደር ግን ትጠይቀው ጀመር፤ ጥያቄዋም እሱ በዚያ ሁሉ ዓመት ያላሰበው ነበር። ሴቶቹ በዝናብ ወደ ንጉሡ ሲሄዱ ልጆቻቸውን ለማን ትተው ነው? በወረርሽኙ መንደሩ ሲያልቅ ከብቶቹን ማን አጠጣቸው? ሔሩይ ገጹን ወደ ኋላ ወደ ፊት ያገላብጥና “አይልም” ይላታል። “ዋናውን ነገር ትተውታል” ትላለች።

እንዲህ እያሉ የፈረንሳይን ታሪክ መቶ ዓመት በመቶ ዓመት አቋርጠው ወጡ። በ2015 ጥቅምት ሰላም ተፈረመ ተባለ። ስልክ ተመለሰ። ልጆች በየበሩ መመለስ ጀመሩ፤ አንዳንዱ በምርኩዝ፣ አንዳንዱ በሰው ተደግፎ። የኣለምሰገድ ስልክ አይጠራም። አንዱ ጓደኛው በአንድ ግንባር አየሁት አለ፣ ሌላው እዚያ አልነበረም አለ። ሸዋወርቅ የሰማችውን ሁሉ ለባሏ ትነግረዋለች፤ ከዚያ “እንቀጥል” ትለዋለች።

የደረሱበት መጽሐፍ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነበር። ሔሩይ ሊዘለው ፈልጎ ነበር፤ እምቢ አለች። ስለዚህ አነበበላት። በየመንደሩ አደባባይ ድንጋይ ቆሞ የሙታኑ ስም እንደተቀረጸበት፤ ሬሳቸው ያልተገኘ ልጆች በብዙ መቶ ሺህ እንደሚቆጠሩ፤ እናቶች ፎቶግራፍ ይዘው በየባቡር ጣቢያው ይቆሙ እንደነበር። በመጨረሻም መንግሥት ስማቸው የማይታወቅ የስምንት ወታደሮችን ሣጥን በጦር ግንባሩ ከተማ አስደርድሮ፣ አንድ ወጣት ወታደር አበባ ካስቀመጠበት አንዱን ፓሪስ ወስዶ በክብር ቀበረ። ልጇን ያጣች እናት ሁሉ ይህ የኔ ነው ማለት እንድትችል።

“ሰባቱስ?” አለች ሸዋወርቅ።

“እዚያው ተቀበሩ።”

“እና እናቶቹ አመኑ?”

“አንዳንዶቹ።”

“እኔ አላምንም ነበር” አለች።

በ2016 ጥቅምት መርድእ፣ ማለትም የጦርነቱ መርዶ መጣ። ሽማግሌዎች በየቤቱ እየሄዱ የሞቱትን ስም ለቤተሰብ ተናገሩ። ከተማው በአንድ ጊዜ ድንኳን ሆነ፤ ከአንዱ ለቅሶ ወጥቶ ወደ ሌላው መግባት ነው። ጎረቤታቸው ኣብርሀት የሁለት ወንዶች ልጆቿን ሞት በአንድ ቀን ተረዳች። ሔሩይና ሸዋወርቅ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ቤታቸውን ጠርገው፣ በራቸውን ከፍተው ጠበቁ። ማንም አልመጣም። የኣለምሰገድ ስም ከሞቱት ጋር የለም፤ ከተመለሱትም ጋር የለም። ሔሩይ የሚመለከታቸውን ሰዎች ሄዶ ሲጠይቅ “ገና አልተጣራም” አሉት።

ሸዋወርቅ ከኣብርሀት ድንኳን ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ በረንዳው ላይ ተቀመጠች።

“ቀናሁባት” አለች። “እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ በዚያች ሴት ቀናሁ። እሷ አልቅሳ ይወጣላታል።”

ሔሩይ ለማጽናናት ሌላ ነገር አያውቅምና፣ ለቅሶው ጋብ ሲል መጽሐፉን ከቆመበት ገለጠ። ምዕራፉ የሚጀምረው በሊዮን ከተማ ባቡር ጣቢያ ነው። ጦርነቱ ሊያበቃ ወራት ሲቀሩት ጀርመኖች የለቀቋቸው ሕሙማን ምርኮኞች በባቡር መጡ። ከመካከላቸው አንዱ ስሙን አያውቅም። ማንነቱን የሚናገር ወረቀት የለው፣ የክፍሉ ምልክት የለው። የአእምሮ ሕሙማን ቤት አስገቡት። በኋላ ፎቶግራፉ በጋዜጣ ሲወጣ፣ ልጄ ነው፣ ባሌ ነው፣ ወንድሜ ነው የሚሉ ቤተሰቦች ከየአውራጃው ጎረፉ።

ሸዋወርቅ ቀና አለች። “ፊቱን እያዩ?”

“ፊቱን እያዩ።”

“ከዚያስ?”

“ብዙ ዓመት ተከራከሩበት። አንድ ቀን ሐኪሞች ወደ አንዲት መንደር ወሰዱትና ባቡር ጣቢያው ላይ ለቀቁት። ማንም ሳይመራው መንገዱን ይዞ ሄደ። የአባቱ ቤት ደረሰ።”

ሔሩይ የሚቀጥለውን ገጽ በዓይኑ ብቻ አነበበው። አባትየው ያረጁ በሽተኛ ነበሩ፤ ክርክሩ በፍርድ ቤት ሲጓተት ሞቱ። ወንድሙም ሞተ። ሰውየው ቤቱ አልገባም፤ የአእምሮ ሕሙማን ቤት ቀረ። ሌላ ጦርነት መጥቶ ፓሪስ ስትራብ እንደ እሱ ላለው የሚተርፍ ምግብ አልነበረም፤ እዚያው ሞተ፣ በጅምላ መቃብር ተቀበረ።

“ከዚያስ?” አለች ሸዋወርቅ እንደገና።

ሔሩይ በመምህርነት ዘመኑ አንድ ዓመተ ምሕረት አዛብቶ አያውቅም። ፊቷን አየ። “ከዚያማ ከአባቱ ጋር ኖረ” አለና መጽሐፉን ዘጋው።

ከማግስቱ ጀምሮ ሸዋወርቅ ቤት አትውልም። ጠዋት በሚኒባስ ዓይደር ትወርዳለች፣ ሆስፒታሉን ትጠይቃለች፣ ክሊኒኮቹን ትጠይቃለች፣ ቁስለኞች የሚኖሩበትን ግቢ ሁሉ ታዳርሳለች። የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ስሙን የማያውቅ ልጅ አለ ወይ? ሔሩይ ነገሩ ከየት እንደመጣ ያውቃል። ሊነግራት በየቀኑ ያስባል፤ ስትመለስ ግን የደከመ ፊቷ ላይ አንድ ነገር በርቶ ያየዋል፣ ይተወዋል።

ከገና በኋላ አንድ ቀን እየሮጠች ገባች። “ተነስ” አለችው። “ሰሜን ነው ያለው።”

ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ወደ ውቅሮ መውጫ ላይ፣ ቀድሞ መጋዘን የነበረ ቤት አለ። ማንም ያልወሰዳቸው ቁስለኞች በእርዳታ የሚኖሩበት ነው። ፍሬወይኒ የምትባል ነርስ ወደ ጓሮው መራቻቸው። አንድ ወጣት ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ከግንባሩ እስከ ጆሮው ጀርባ ጠባሳ አለው።

“አይናገርም” አለች ነርሷ። “ስሙን ስለማናውቅ ወዲ ሰሜን እንለዋለን፤ ያው የሰሜን ልጅ ለማለት ነው። አይረብሽም። የሰጡትን ይበላል።”

ሸዋወርቅ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች፣ እጁን ያዘች። ልጁ እጁን አልነጠቃትም። ሔሩይ “ተነስ እስቲ ልጄ” አለው፤ ተነሣ። ቁመቱ የሔሩይን ጆሮ እንኳ አይደርስም። ኣለምሰገድ ከአባቱ በላይ ነበር። ረሃብ ሥጋ ይጨርሳል፣ ጥይት ፊት ያበላሻል፤ አጥንት ግን አያሳጥርም። ሔሩይ ይህን እያሰበ ሳለ ነርሷ ጠጋ አለችው።

“መምህር፣ እናትየው እርግጠኛ ናቸው። እርስዎ ምን ይላሉ? ልጅዎት ነው?”

ሸዋወርቅ አልዞረችም። የልጁን እጅ እንደያዘች መልሱን ትጠብቃለች።

“አዎ” አለ ሔሩይ። “ልጃችን ነው።”

ልጁን በኣለምሰገድ ክፍል አስተኙት። የኣለምሰገድን ልብስ ለበሰ፤ ሱሪው ረዘመበትና ሸዋወርቅ ቁጭ ብላ አሳጠረችው። ኣብርሀት እንኳን ደስ ያላችሁ ልትል መጣች። ልጁን አየች፣ ከዚያ ሔሩይን አየች። ኣለምሰገድን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች ጎረቤት ናት። ልጁን ግንባሩን ሳመችውና “እንቋዕ ደሓን መጻእካ፣ ወደይ” አለችው፤ እንኳን ደህና መጣህ፣ ልጄ ማለቷ ነው። ወጥታ ስትሄድ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነበር።

በእነዚያ ወራት ቤታቸው ሰው ሞላበት። ሸዋወርቅ ትነሣለች፣ ታበስላለች፣ ልጁን ታጥባለች፣ ታዋራዋለች። ከሰዓት ሔሩይ በረንዳው ላይ ሲያነብ ልጁ አጠገባቸው ይቀመጣል። አማርኛ ይግባው አይግባው አይታወቅም፤ ፊቱን ግን ወደ ድምፁ ያዞራል። ሔሩይ አንዳንድ ቀን ይወደዋል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ያን ሹራብ ለብሶ ሲያየው ተነስቶ ከግቢ ይወጣል፤ እስከ ሰማዕታት ሐውልት ይሄድና ቆሞ ይመለሳል። የሚያስፈራው አንድ ሐሳብ ነበር፤ የዚህ ልጅ እናት የት ናት? የኔስ ልጅ ቢኖር በማን ቤት ነው ተሳስቶ የተቀመጠው?

ከፋሲካ በኋላ ነርስ ፍሬወይኒ መጣች። ከኋላዋ ከሓውዜን በኩል የመጣች ኣሰለፈች የምትባል የገጠር ሴት አለች፤ እግሯ አቧራ ለብሷል። ነርሷ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ “መምህር፣ ይቅርታ። አብሮት የነበረ ልጅ ነግሯቸው ነው የመጡት። አንድ ጊዜ ልየው ብለው ነው” አለች።

ኣሰለፈች በረንዳው ላይ የተቀመጠውን ልጅ ፊቱን አላየችም። ተንበረከከችና የግራ እግሩን ጫማ አወለቀች። ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቹ ከተፈጥሮ የተያያዙ ናቸው። እግሩን ደረቷ ላይ አደረገችና “ኣንዶም ወደይ” አለች፣ በስሙ ጠርታ፣ በትግርኛ፣ ቀስ ብላ። “ኣንዶም ወደይ።”

ልጁ እንደ ማንኛውም ሰው አያት። ከዚያ ፊቱን ወደ ግቢው ዛፍ መለሰ። አላወቃትም።

ኣሰለፈች ጫማውን መልሳ አደረገችለት። በመጨረሻ ሸዋወርቅ ተነሥታ ገባች። ልብሱን በሻንጣ አጣጥፋ፣ ድርቆሽና ቆሎ በፌስታል ይዛ ወጣች። ኣሰለፈች ፊት ቆመችና በዚያ ሰው በሚያስቀው ትግርኛዋ፣ ወጥ ሲሆን ቶሎ እንደሚበላ፣ ብርድ እንደማይወድ፣ ራሱን ሲታጠብ ጠባሳውን ሲነኩት እንደሚደነግጥ ነገረቻት። ኣሰለፈች እያለቀሰች እጇን ልትስም ጎንበስ ስትል ሸዋወርቅ እጇን ሸሸገች። ልጁ ሹራቡን እንደለበሰ ከእናቱ ጋር በባጃጅ ሄደ።

ባጃጁ ከሄደ በኋላ ባልና ሚስት በረንዳው ላይ ቀሩ።

“ጣቶቹን አላየሽም ነበር?” አላት ሔሩይ።

“የማጥበው እኔ አይደለሁም? የመጀመሪያው ቀን ነው ያየሁት።”

“ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?”

“አንተስ ቁመቱን አላየህም?”

ሔሩይ አንገቱን ደፋ።

“የመጽሐፍህ ሰውዬ” አለች ሸዋወርቅ። “ከአባቱ ጋር ኖረ ያልከኝ። እውነት ነው?”

“አይደለም።”

“ጠርጥሬ ነበር። አንተ ሰው ሲሞት ዓመተ ምሕረቱን ሳትናገር ምዕራፍ ዘግተህ አታውቅም። የዚያን ቀን ዝም ብለህ ዘጋኸው። በል ንገረኝ።”

ነገራት። የአባትየውን ሞት፣ የሕሙማኑን ቤት፣ ረሃቡን፣ የጅምላ መቃብሩን። የግቢውን ዳር ዳር እያየች ሰማችው።

“ፈረንሳዮቹ ያን ሁሉ ዓመት ሲከራከሩበት ከርመው በረሃብ ገደሉት?”

“አዎ።”

“ሁለት ሣጥን መጽሐፍ” አለች። “ሁለት ሣጥን ሙሉ፣ አንድ ቤቱ የገባ ሰው የለበትም።” ተነሥታ ገባች። ከዚያ ቀን ወዲህ አንብብልኝ ብላው አታውቅም። እሱም ብቻውን ሊያነብ ሞከረ። ፊደሎቹን ያያቸዋል፤ ነገር ግን በአማርኛ የሚነግራት ሰው ከሌለ ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ይጠፋበታል። በክረምቱ ጣሪያው አፍስሶ ግድግዳ ዳር ያሉት መጻሕፍት ረጠቡ። አላነሣቸውም።

መስከረም ላይ ኣሰለፈች ተመልሳ መጣች፣ ብቻዋን። ፊቷን ያየ ሰው መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር።

“እዚህ አልመጣም?” አለች በሩ ላይ እንደቆመች።

ማሳ ውላ ስትመለስ ቤቱ ውስጥ አጣችው። እረኞች ወደ አስፋልቱ ሲሄድ አይተውታል፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። “እኔ ዘንድ ዝም ብሎ በር በሩን ነበር የሚያየው” አለች። “እናንተ ጋ ለምዶ ስለነበር ወደዚህ የመጣ መስሎኝ።”

ሸዋወርቅ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። ሦስቱም ወጡ። በሰሜን በኩል ያለውን መጋዘን ጠየቁ፣ ነርስ ፍሬወይኒ አላየችውም። የውቅሮን መንገድ ይዘው በየሻይ ቤቱ ጠየቁ። መናኸሪያ ገቡ፣ ዓይደር ወረዱ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጃፎችን አዳረሱ። ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለበት፣ የማይናገር፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ ልጅ ብለው ለጠየቁት ሁሉ፣ ሰው ሌላ ልጅ ይጠቁማቸዋል። እንዲህ ያለ ልጅ በዚህ ከተማ ብዙ ነው። ሄደው ያያሉ፤ እሱ አይደለም። ቀን ከቀን እንዲህ ዋሉ። ኣሰለፈች በልጇ አልጋ ላይ፣ ማለትም በኣለምሰገድ አልጋ ላይ እያደረች ሰነበተች።

በመጨረሻ “አዝመራዬ ብቻውን ነው” አለች። መናኸሪያ ድረስ ሸኟት። መኪናው ላይ ከመውጣቷ በፊት ሔሩይን ጠየቀችው፤

“መምህር፣ ብዙ አንብበዋል ይላሉ። ይህ የኛ ነገር ማለቂያው ምንድን ነው?”

ሔሩይ ያን ሁሉ መቶ ዓመት አሰበ፤ የሚነግራት አንድ ነገር ፈለገ። “አላውቅም፣ ሓፍተይ” አላት፣ እህቴ ማለቱ ነው። እሷም ሌላ መልስ እንዳልጠበቀች ሁሉ ራሷን ነቀነቀችና ወጣች።

ሸዋወርቅ ከመናኸሪያው እስከ ቤት በእግሯ እሄዳለሁ አለች፤ በየመንገዱ የተቀመጡትን ልጆች ፊት እያየች ሄደች። ሔሩይ ከኋላዋ ተከተላት። ቤት ሲደርሱ ጫማዋን አውልቃ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

“ነገ በዓይደር በኩል እሄዳለሁ” አለች። “ያን ታችኛውን ሰፈር አላየነውም።”

“እሺ” አላት ሔሩይ። ከሁለቱ ልጆች የትኛውን ፍለጋ እንደሆነ አልጠየቃትም።